ቱቦው ተበጠሰ ተብሎ ፓምፑ አይጣልም፦ ስለ ፐሪስታልቲክ ዶዚንግ ፓምፕ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ክሎሪንን የመሰለ ኬሚካል በልክ ወደ ውሃ የሚጨምረው ፐሪስታልቲክ ዶዚንግ ፓምፕ ለከተማ ውሃ አገልግሎት አይበጅም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በውሃ ባለሙያዎች መካከል እየተነበበ ነው። ጽሑፉ የሚያነሳቸው ነጥቦች ስድስት ናቸው። ቱቦው ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፤ ልኬቱ አይታመንም፤ ግፊት አይችልም፤ መለዋወጫው አይገኝም፤ ፈሳሹን በሚርገበገብ ሽፋንና በቫልቮች የሚገፋው ዲያፍራም ፓምፕ ይህንኑ ሥራ በተሻለ ሁኔታ ይሠራል፤ መብራት በሌለበት ደግሞ በግሉኮስ ቱቦ የሚንጠባጠብ ክሎሪን ይበቃል። በመጨረሻም ፐሪስታልቲኩን የገዙ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች አውልቀው በዲያፍራም እንዲተኩት ይመክራል።

ጸሐፊው ሥራውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ያዩት ብልሽትም እውነተኛ ነው። የማንስማማው በምክንያቱ ነው። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ፓምፑ ያለ ልክ እንዲሽከረከር ስለሚደረግ፣ ለክሎሪን የማይሆን ጎማ ስለሚገጠምለት ወይም ከአቅሙ በላይ ግፊት ስለሚጫንበት ነው። እነዚህ ደግሞ ፓምፑ ከመገዛቱ በፊት ወረቀት ላይ የሚወሰኑ ነገሮች ናቸው። ይህን ትቶ ፓምፑን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንንገር። አንድ የጎማ ቱቦ በግማሽ ክብ ግድግዳ ላይ ይተኛል፤ በሞተር የሚዞሩ ሁለት ወይም ሦስት ሮለሮች በተራ ይጨፈልቁታል። ላም የሚያልብ ሰው ጡቷን ከላይ ይዞ ጣቶቹን በተራ ወደ ታች ሲጨብጥ የሚሠራውን ሥራ ሮለሩ በቱቦው ላይ ይሠራል። ከፊቱ ያለውን ፈሳሽ ይገፋል፤ ከኋላው ቱቦው ወደ ክብ ቅርጹ ሲመለስ አዲስ ፈሳሽ ይስባል። ኬሚካሉ ከቱቦው በቀር የፓምፑን ሌላ አካል አይነካም። በመንገዱ ላይ ቫልቭ የለም፣ ኳስ የለም፣ የሚዘጋ ቀዳዳ የለም።

አሁን ወደ ቱቦው መበጠስ እንግባ፤ የጽሑፉ ግማሽ የሚያተኩረው እዚህ ላይ ነውና።

5 ሊትር በሰከንድ የሚሰጥ ጥልቅ ጉድጓድ እንውሰድ። በሰዓት 18 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን ቢጨመር በሰዓት 27 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል፤ 65 በመቶው ክሎሪን በሆነ ኤችቲኤች (የካልሲየም ሃይፖክሎራይት ዱቄት) ሲሰላ 41.5 ግራም ዱቄት ገደማ ነው። ብጥብጡ 1 በመቶ ከሆነ፣ ማለትም በሊትር 10 ግራም ክሎሪን ከያዘ፣ ፓምፑ የሚጨምረው በሰዓት 2.7 ሊትር፣ በደቂቃ 45 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን መጠን በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሊትር በሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ለመስጠት ፓምፑ በደቂቃ 30 ጊዜ መዞር አለበት። በአንድ ዙር 4.5 ሚሊ ሊትር በሚያሳልፍ ሰፊ ቱቦ ግን 10 ዙር ይበቃዋል። ሮለሮቹ ሁለት ቢሆኑና ጉድጓዱ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ፣ ቀጭኑ ቱቦ በቀን 36,000 ጊዜ ይጨፈለቃል፤ ሰፊው 12,000 ጊዜ። የቱቦው ዕድሜ 1 ሚሊዮን ጭፍለቃ ነው ብለን ብናሰላ ቀጭኑ በ28 ቀን፣ ሰፊው በ83 ቀን ያልቃል። ፓምፑ፣ ጎማውና ኬሚካሉ ያው ናቸው፤ የተለየው የቱቦው ስፋትና የዙሩ ብዛት ብቻ ነው።

ግዢ ሲፈጸም የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ጨረታው ላይ «በሰዓት 3 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ» ተብሎ ይጻፋል። ዋጋው ረከስ የሚለው 3 ሊትሩን ባለ በሌለ አቅሙ እየተሽከረከረ የሚሰጠው ትንሹ ፓምፕ ነውና እሱ ያሸንፋል። ፓምፑ ጨረታው የጠየቀውን መጠን ይሰጣል፣ በወሩ ግን ቱቦው ይበጠሳል። በዝርዝር መግለጫው ላይ «የተፈለገውን መጠን ከከፍተኛ ፍጥነቱ ከሲሶ ባልበለጠ የሚሰጥ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር የጽሑፉ የመጀመሪያ ቅሬታ አብዛኛው ባልተነሳ ነበር። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሰፊ ቱቦ ብዙውን ጊዜ የሚችለው ግፊት ከቀጭኑ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ስፋቱ የሚመረጠው ግፊቱ ከታወቀ በኋላ ነው።

ብጥብጡን በማወፈርም ዙሩን መቀነስ ይቻላል የሚል ሐሳብ ይመጣል። በኤችቲኤች ከ1 እስከ 2 በመቶ ድረስ ያስኬዳል። ከዚያ ሲያልፍ በርሜሉ ግርጌ የሚቀረው አተላ ይበዛና የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ ጭቃ መጠጣት ይጀምራል። ለ200 ሊትር በርሜል 1 በመቶ ብጥብጥ ለማዘጋጀት 3.1 ኪሎ ግራም ያህል ኤችቲኤች ይበቃል። ሁልጊዜ ዱቄቱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በዱቄቱ ላይ አይፈስስም። ከተማሰለ በኋላ አድሮ ይጥለል፤ ጠዋት የጠራው ከላይ ወደ ሁለተኛ በርሜል ይገልበጥ። የመሳቢያው ጫፍ ከበርሜሉ ወለል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል። በዚህ መጠን አንድ በርሜል 74 ሰዓት፣ ማለትም በቀን 10 ሰዓት ለሚሠራ ጉድጓድ አንድ ሳምንት ያስኬዳል።

የጎማው ዓይነት ሌላው ጉዳይ ነው። ጽሑፉ «ቱቦ» እያለ ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራል፤ ጎማ ግን ከጎማ ይለያል። ሲሊኮን ለላቦራቶሪና ለሕክምና ጥሩ ነው፤ ለሃይፖክሎራይት፣ ማለትም ለክሎሪን ብጥብጥ፣ ግን አይሆንም፣ ድካምም አይችልም። የተፈጥሮ ጎማ ለኖራና አሸዋ ለቀላቀለ ብጥብጥ የሚስተካከለው የለም፤ ክሎሪን ሲያገኘው ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ለሃይፖክሎራይት የሚመረጡት ሳንቶፕሪንና ኖርፕሪን የተባሉትን የመሳሰሉ ሰው ሠራሽ ጎማዎች ናቸው፤ ድፍርስ ውሃ ለማጥራት ለሚጨመረው የአሉም ብጥብጥም ያገለግላሉ። ቱቦ ሲያልቅ ከገበያ የሚገዛው ብርሃን አሳላፊ የፒቪሲ ቱቦ ደግሞ አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ክብነቱ በደንብ አይመለስም። ፓምፑ ይዞራል፣ ድምፁም ደህና ነው፣ ፈሳሽ ግን አይስብም። ኦፕሬተሩ ማታ የሚያየው በርሜል ጠዋት ካየው አይለይም።

ሊበጠስ የተቃረበ ቱቦ አስቀድሞ ይናገራል። ሽፋኑን ከፍቶ ማየት ነው። ሮለሩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ክብ የነበረው ቱቦ ጠፍጠፍ ብሎ እንደ ሞላላ ይቀራል፤ በግራና በቀኝ፣ እጥፋቱ በሚያርፍበት መስመር፣ ነጣ ያለ ሽንትር ይታያል፤ ከግርጌው እንደ ተፈጨ በርበሬ የደቀቀ የጎማ ብናኝ ይጠራቀማል። ብናኙ ከታየ ቱቦው የሚቀየረው ዛሬ ነው፤ የጨመረው ቀን በሙሉ ብድር ነው።

አቀያየሩ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ የመሳቢያው ጫፍ ወደ ንጹህ ውሃ ባልዲ ይዛወርና ፓምፑ 10 ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ክሎሪን ታጥቦ ይወጣል። ከዚያ ብሬከሩ ይጠፋል፣ የመርፌው፣ ማለትም ክሎሪኑን ወደ ውሃው መስመር የሚያስገባው ጫፍ፣ ቫልቭ ይዘጋል፣ በመግፊያው መስመር የታመቀው ግፊት ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። አሮጌው ቱቦ ከወጣ በኋላ የፓምፑ ራስ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል፤ እያንዳንዱ ሮለር በጣት ይዞራል፤ የሚይዝ ወይም የሚያንቋቋ ካለ ኩሽኔቱን ክሎሪን በልቶታልና አዲሱን ቱቦ በሳምንት ይጨርሰዋል። አዲሱ ሲገባ አይጠማዘዝ፣ አይወጠር። ቀኑ በማርከር ራሱ ሽፋኑ ላይ ይጻፍ።

ከሌሎቹ ነጥቦች አምስተኛውን ማስቀደም ይሻላል፤ ዲያፍራም ይበልጣል የሚለውን።

ዲያፍራም ፓምፕ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ንጹህ፣ አረፋ የማያወጣ፣ የማይደነድን ፈሳሽ በከፍተኛ ግፊት ለመጨመር ከፐሪስታልቲክ ይሻላል። የእኛ የውሃ አገልግሎቶች በአመዛኙ የሚጨምሩት ግን ሃይፖክሎራይት ነው፤ ሃይፖክሎራይት ደግሞ አረፋም ያወጣል፣ ይደነድናልም።

መጀመሪያ አረፋውን እንይ። ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚሆን ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ የበረኪና ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ጋን ውስጥ ተቀምጦም እየፈረሰ ኦክስጅን ይለቃል። ሙቀትና እንደ መዳብና ኒኬል ያሉ ብረቶች መፍረሱን ያፋጥኑታል፤ የነሐስ መገጣጠሚያ በመሳቢያው መስመር ላይ የማይገባውም ለዚህ ነው። የአረፋ ፍሬዎቹ በመሳቢያው ቱቦ እየተንከባለሉ ሄደው ዲያፍራሙ ራስ ውስጥ ይጠራቀማሉ። ዲያፍራም በምት የሚገፋው ጥቂት ፈሳሽ ነው። በቦታው አየር ካለ አየሩ ይታመቃል፣ ይለጠጣል፣ ይታመቃል፤ የመውጫው ቫልቭ አይከፈትም። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ሲል ይውላል፣ ክሎሪን ግን አይወጣም። በሙያው ቋንቋ «አየር ይዞታል»።

በደጋው አገር ይህ ችግር ይብሳል፤ ጽሑፉም ከነጭራሹ አላነሳውም። በባሕር ወለል ላይ 3 ባር ግፊት ወዳለበት መስመር ለመግፋት በራሱ ውስጥ ያለው አየር ወደ አራት እጥፍ መታመቅ አለበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ እዚህ ያንኑ መስመር ለመክፈት አምስት እጥፍ መታመቅ ያስፈልጋል። ያው ዓይነት አረፋም በደጋ አየር ሲሶ ያህል ይሰፋል። አምራቹ ቆላ ላይ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ የፈተነው ዲያፍራም እዚህ አየር ቢይዘው አይገርምም። ፐሪስታልቲክ ግን አየሩንም እንደ ፈሳሹ ጨፍልቆ ያሳልፈዋል። አረፋው ባለፈበት ቅጽበት ክሎሪኑ ጥቂት ይጎድላል፣ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል። አየር የሚያስወጣ ራስ ያላቸው ዲያፍራሞች መኖራቸው እውነት ነው፤ ይሠራሉም። ዋጋቸው ግን ይጨምራል፤ ወደ በርሜሉ የሚመለስ ተጨማሪ መስመርና ተጨማሪ ቫልቭ ይዘው ይመጣሉ፣ ያ ቫልቭ ደግሞ በተራው ይደነድናል።

ኤችቲኤች በሚጠቀሙ ጉድጓዶች ላይ ከአረፋው የባሰው ድንደናው ነው። ብጥብጡ ካልሲየም የበዛበትና ጠንካራ አልካላይን ነው። ባይካርቦኔት ያለበት የጉድጓድ ውሃ ሲገናኘው ነጭ የካልሲየም ካርቦኔት ቅርፊት ይጥላል። የዲያፍራምን የመግቢያ ቫልቭ ፈትቶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከአተር የማትበልጥ ኳስ ነጭ ቅርፊት ለብሳ፣ ከመቀመጫዋ በፀጉር ስፋት ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ይህች ክፍተት ትበቃለች። ምቱ የገፋው ፈሳሽ በመጣበት ይመለሳል፣ የፓምፑ ማሳያ ግን 100 በመቶ ይላል። በፐሪስታልቲክ ቅርፊቱ ቱቦው ውስጥ አይረጋም፤ በየዙሩ እየተጨፈለቀ ይወጣል።

ፐሪስታልቲክንም ቢሆን ቅርፊቱ የሚያገኝበት ቦታ አለ፤ ክሎሪኑ ከውሃው ጋር የሚገናኝበት የመርፌው ጫፍ። እዚያ ሲደነድን መውጫው ይጠብባል፣ ፓምፑ ግን መግፋቱን አያቆምም፣ ግፊቱ ሲወጣ ሲወጣ ቱቦው ይፈነዳል። ጽሑፉ «ያለ ምክንያት ፈነዳ» ያለው ቱቦ የፈነዳው በዚህ ይመስለናል። መርፌው በወር አንድ ጊዜ ይውጣና በንጹህ ውሃ በደንብ ታጥቦ አቼቶ ውስጥ ይዘፍዘፍ። መታጠቡ መቅደም አለበት፤ አሲድ ክሎሪን ላይ ሲያርፍ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ የፓምፕ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ከፓምፑ መውጫ ቀጥሎ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ተገጥሞ ወደ በርሜሉ ቢመለስ ደግሞ መርፌው ቢዘጋም ቱቦው ይተርፋል።

ስለ ልኬት። ጸሐፊው የፐሪስታልቲክ ፍሰት በጊዜ ይወርዳል ያሉት ትክክል ነው። ጎማ ሲደክም ወደ ክብነቱ የሚመለሰው በዝግታ ነውና በየዙሩ የሚስበው ያንሳል። አዲስ ቱቦም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ወርዶ ነው የሚረጋው። ነገር ግን ይህ አወራረድ ቀስ ብሎ የሚመጣና በመለኪያ የሚያዝ ነው። የዲያፍራሟ ኳስ ግን ዛሬ ጠዋት ደህና ሆና ከሰዓት ልትቆም ትችላለች።

አለካኩ ይህን ይመስላል። በመሳቢያው መስመር ላይ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ ምልክት ሲሊንደር በሁለት ቫልቮች ይገጠማል። ሲሊንደሩ ይሞላል፣ የበርሜሉ ቫልቭ ይዘጋል፣ ፓምፑ ከሲሊንደሩ ብቻ ይስባል፣ 5 ደቂቃ ይቆጠራል። በላይኛው ምሳሌ 225 ሚሊ ሊትር መውረድ አለበት። የወረደው 200 ከሆነ 11 በመቶ ጎድሏል፤ ፍጥነቱ ከ10 ዙር ወደ 11.25 ከፍ ይላል። ማስተካከያው 12 ዙር ሲደርስ ቱቦው ይቀየራል። ልኬቱ የሚወሰደው ቱቦው በተገጠመ ማግስት፣ ከዚያም በየሳምንቱ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት መውጫውን ነቅለው ወደ ባልዲ እያፈሰሱ በመለካታቸው ነው፤ ያ ልኬት መስመሩ ላይ ያለው ግፊት የሌለበት ነውና ከእውነተኛው ይበልጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። ስለ ፓምፑ 5 እና 10 በመቶ መጨቃጨቅ የሚያዋጣው የክሎሪኑ ጥንካሬ ሲታወቅ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ለወራት የተቀመጠ የኤችቲኤች በርሜል ላዩ ላይ 65 በመቶ ስለተጻፈ 65 በመቶ አይሆንም። ሰመራንና ጋምቤላን በመሰለ ሙቀት የተቀመጠ ፈሳሽ ሃይፖክሎራይት ደግሞ ቶሎ ይደክማል። የመጨረሻው ዳኛ ቀሪ ክሎሪን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ፒኤች ከ8 በታች በሆነ ውሃ ከ30 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር፣ ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 እንዲገኝ ይላል። ክሎሪን ሲያገኝ ቀለም በሚያወጣው የዲፒዲ መመርመሪያ ኪኒን በየቀኑ የሚለካ ጽሕፈት ቤት የፓምፑን ድካም ከሲሊንደሩም ቀድሞ ያየዋል።

ግፊት አይችልም የሚለው ነጥብ ላይ ጽሑፉ ልክ ነው። የቱቦ ፓምፖች አብዛኞቹ ከ2 እስከ 4 ባር ይችላሉ፤ እስከ 7 የሚደርሱም አሉ። በወፍራም የተሸመነ ሆስ የሚሠሩት ትልልቆቹ እስከ 16 ባር ይሄዳሉ፤ እነሱ ግን ለኖራ ብጥብጥና ለወፍራም ዝቃጭ እንጂ በሰዓት 3 ሊትር ለሚጨምር ጉድጓድ አይደሉም። ማጠራቀሚያው ከጉድጓዱ 80 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለው መስመር 8 ባር ያህል ይሸከማል። እዚያ ላይ የቱቦ ፓምፕ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ነገር ግን ክሎሪኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይጨመር ያለ ማን ነው? ማጠራቀሚያው አናት ላይ፣ ውሃው ወደ ጋኑ በሚወድቅበት ቦታ ሲጨመር ግፊቱ ዜሮ ነው፤ ውሃው ሲወድቅ ይደባልቀዋል፣ ጋኑ ውስጥ ደግሞ 30 ደቂቃው ይሞላል። በየ3 ሰከንዱ ጠብ የሚለው የፐሪስታልቲክ ምትም እዚህ ችግር አይሆንም፤ በሁለት ምት መካከል የሚያልፈው ውሃ 15 ሊትር ብቻ ነውና። እውነተኛው መሰናክል ኮረብታው ላይ መብራት አለመኖሩ ነው። 25 ዋት የሚበላ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 250 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ለዚህ 100 ዋት ሶላርና 50 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይበቃል። ማስነሻው ከጉድጓዱ ቦርድ ሳይሆን መግቢያው ቱቦ ላይ ከሚገጠም የፍሰት ማብሪያ ይምጣ፤ ውሃ ሲገባ ፓምፑ ይነሳል፣ ውሃ ሲቆም ይቆማል። ጉድጓዱ ጋ የሚገጠም ከሆነ ደግሞ ዶዚንግ ፓምፑ የጉድጓዱን ፓምፕ ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ማብሪያ (ኮንታክተር) ረዳት ኮንታክት ይታሰር። ለብቻው ሶኬት ላይ የተሰካ ዶዚንግ ፓምፕ ጉድጓዱ ሲቆምም ክሎሪን ማፍሰሱን ይቀጥላል፤ ጠዋት የመጀመሪያው ቧንቧ የሚከፍት ሰው ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀዳል።

ጽሑፉ ያላነሳው፣ ፐሪስታልቲክን በእርግጥ የሚያስወቅስ አደጋ አለ። ግፊት ባለው መስመር ላይ ቱቦው ሲበጠስ የዋናው መስመር ውሃ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ክሎሪን የቀላቀለ ውሃ የፓምፕ ቤቱን ያጥለቀልቃል። ከመርፌው ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ሳይገጠም ፓምፑ አይነሳ። የፓምፑ ራስ ግርጌ ያለው ማስወገጃ ቀዳዳም አይደፈን፤ በቀጭን ቱቦ ወደ ጀሪካን ይውረድ። ጀሪካኑ ውስጥ ፈሳሽ የታየ ቀን ቱቦው አፍስሷል ማለት ነው። በርሜሉ ከመጨመሪያው ነጥብ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ የደከመ ቱቦ ክሎሪኑን በራሱ ክብደት ያሳልፈዋልና ፀረ ሲፎን ቫልቭ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ በርሜሉን ዝቅ ማድረግ ነው።

መለዋወጫው አይገኝም ለሚለው መልሳችን አጭር ነው። የዲያፍራሙም ከውጭ ነው የሚመጣው። የዲያፍራም ጥገና ዕቃ ዲያፍራሙን፣ ኳሶቹን፣ መቀመጫዎቹንና ኦሪንጎቹን የያዘ ነው፤ አንዷ ከጠፋች ሥራው አይሟላም። የፐሪስታልቲኩ አንድ ቱቦ ነው። በ83 ቀን የሚቀየር ቱቦ በዓመት 5 ይፈልጋል፤ አንድ መጠባበቂያ ጨምሮ 6 ቱቦ ከፓምፑ ጋር በአንድ ውል ይገዛ። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ የሚያዘው በዓመት አንዴ እንጂ ቱቦ በተበጠሰ ቁጥር አይሆንም። ከሁለት ዓመት ፍጆታ በላይ ግን አይከማች፤ ጎማ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ክፍል፣ ሳይታጠፍ ይቀመጥ። ለወራት የሚቆም ፓምፕም ቱቦው ከሮለሩ ይላቀቅለት፤ ተጨፍልቆ የከረመ ቱቦ እንደተጨፈለቀ ይቀራል።

በግሉኮስ ቱቦ የሚንጠባጠበው ክሎሪን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ከፍታ ከ80 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ሲወርድ ጠብታው ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል። ጠዋት የሚሸት ውሃ፣ ማታ ክሎሪን የሌለው ውሃ ማለት ነው። መብራትም ሶላርም በሌለበት ቦታ መሳቢያውን ብጥብጡ ላይ በሚንሳፈፍ ነገር አስሮ ከፍታው እንዳይለዋወጥ ማድረግ ይቻላል፤ ለትንሽ መንደር ያ ይበቃል።

ፓምፑን አውልቁ የሚለውን ምክር ለመከተል የተዘጋጀ ጽሕፈት ቤት መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት የሚያያቸው ነገሮች አሉ። በቱቦው ላይ የታተመውን የጎማ ዓይነት ያንብብ፤ ሲሊኮን ወይም ስም የሌለው ከሆነ ለክሎሪን የሚሆን ይዘዝ። ሮለሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ሰዓት ይዞ ይቁጠር፤ ከ30 ካለፈ ራሱ የሚቀበለው ሰፊ ቱቦ መኖሩን ከመመሪያው ይመልከት። መርፌውን አውጥቶ ቅርፊት ካለው ያጽዳ። በመጨረሻ መጨመሪያው ነጥብ ላይ የግፊት መለኪያ ይግጠምና ጉድጓዱ እየሠራ ያንብብ። የክሎሪን መጨመሪያው መርፌ ከ4 ባር በላይ በሚያሳይ መስመር ላይ ከተተከለ ጸሐፊው እንዳሉት ፓምፑ እዚያ ቦታ ላይ መኖር የለበትም፤ ከግድግዳው ተፈትቶ ወደ ማጠራቀሚያው አናት ይውጣ።